ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፦ ቁልቁለት ላይ «ፍሬን አትንካ» ማለት ይቅር

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣

ባለፈው በስፖርት ገጻችሁ ላይ ስለ ኮርሳ ብስክሌት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ስለ አቀበት የሚያወራው ክፍል ደስ ይላል። አተነፋፈሱ፣ የማርሽ አመራረጡ፣ ጉልበት አቆጣጠቡ፣ ሁሉም አለ። ቁልቁለቱ ጋ ስደርስ ግን ያገኘሁት ሁለት መስመር ብቻ ነው። ቁልቁለት ድፍረት ይፈልጋል፣ ፍሬን ሳይነኩ መልቀቅ ነው ይላል። በቃ።

ይህን ምክር እኔም ጀማሪ ሳለሁ ተነግሮኛል። ሰማሁ፣ አመንኩ፣ ወደቅኩበት። ዛሬም አዲስ ለሚመጡ ልጆች ይኸው ሲነገራቸው እሰማለሁ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብስክሌት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ረዥም ቁልቁለት ከቡድን ጋር እወርድ ነበር። ከፊቴ ያሉት ጎበዞች ናቸው። ጥለውኝ እንዳይሄዱ ፈራሁ። አንዱ ገና ከላይ ሳለን «አትፍራ፣ ፍሬኑን እርሳው» ብሎኛል። እጄን ከመሪው ላይኛው ክፍል ላይ አድርጌ፣ ክንዴን እንደ ብረት አድርቄ ለቀቅኩት። ሁለት ኩርባ በሰላም አለፈ። ሦስተኛው ከመግቢያው ሲታይ ሰፊ ይመስላል፣ ውስጡ ግን እየጠበበ የሚሄድ ዓይነት ነው። መሀሉ ላይ ስደርስ ፍጥነቴ እንደበዛ ገባኝ። ከመንገዱ ዳር ነጭ ቀለም የተቀባ የኪሎ ሜትር ድንጋይ ቆሟል። ቀለሙ ባንድ ጎኑ ተልጦ ግራጫው ድንጋይ ብቅ ብሏል። ይህን ሁሉ ዛሬም ድረስ የማስታውሰው ዓይኔን ከድንጋዩ ላይ መንቀል ስላቃተኝ ነው። ብስክሌቱም ቀጥ ብሎ ወደ ድንጋዩ ሄደ። በመጨረሻ በድንጋጤ ሁለቱንም ፍሬን ጨመደድኳቸው። የኋላው ጎማ ከሥሬ ሸሸ፣ በጎኔ ወደቅኩ፣ አስፋልቱ ላይ እየተንሸራተትኩ ሄጄ ድንጋዩ ጋ ለመድረስ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረኝ ቆምኩ። ከዳሌዬ እስከ ጉልበቴ ቆዳዬ ተላጠ።

ከቡድኑ ጋሼ የምንላቸው አንድ አንጋፋ ብስክሌተኛ ተመልሰው መጡ። አልተቆጡኝም። ቁስሉን በውሃ እያጠቡልኝ ጠየቁኝ።

«ዓይንህ የት ነበር?»

«ድንጋዩ ላይ፣ ጋሼ።»

«ፍሬኑንስ መቼ ያዝክ?»

«ኩርባው ውስጥ ከገባሁ በኋላ።»

«የኩርባ ሥራ የሚያልቀው ኩርባው ሳይጀምር ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቁልቁለት የተማርኩት ሁሉ ከዚህች አባባል የተመዘዘ ነው። የምጽፍላችሁም ይህንኑ ነው። ቁልቁለት ላይ የሚያስፈራን ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ ማድረግ ያለብንን ነገር አርፍደን ማድረጋችን ነው። ለፈራ ሰው «ደፋር ሁን» ማለት ምንም አይጠቅመውም። «ቀደም ብለህ ያዝ፣ ከዚያ ልቀቀው» ማለት ግን ይጠቅመዋል።

ትንሽ ቁጥር ልጥቀስ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ይዞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ ብቻ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። በ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚወርድ ሰው በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። «ኧረ መኪና!» ብሎ አስቦ ጣቱ ፍሬኑን እስኪስብ ድረስ 17 ሜትር አለቀ ማለት ነው። ኩርባም እንደዚሁ ነው። አንድን ኩርባ በ40 ከመግባት በ30 ብትገቡ ጎማው ወደ ጎን የሚሸከመው ጉልበት ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የቀነሳችሁት! ይህን ሒሳብ የገባው ሰው ከኩርባው በፊት ሁለት ሰከንድ ቀደም ብሎ ፍሬን መያዝ አያሳፍረውም።

አሁን ወደ ፍሬኑ ልምጣ፣ ምክንያቱም ትልቁ ችግር እዚህ ነው ያለው።

ብዙ ሰው የፊት ፍሬን ይፈራል። ልጅ እያለን «የፊቱን ከያዝክ ይገለብጥሃል» ተብለን አድገናል። ሰውዬው ሲወርድ ብታዩት የኋላውን ብቻ እያሸ ነው የሚወርደው። ግን ፍሬን ስንይዝ ክብደታችን ወደፊት ይሄዳል፣ የፊት ጎማው መሬቱን ይበልጥ ይጫናል፣ የኋላው ደግሞ ይቀልላል። የቀለለ ጎማ ቶሎ ይቆለፋል፣ ይንሸራተታል። ስለዚህ በደረቅ አስፋልት ላይ ዋናው የመቆሚያ ጉልበት ያለው የፊቱ ላይ ነው። የሚገለብጠው በድንገት ሲጨመደድና ሰውየው ክንዱን አላልቶ ሰውነቱ ወደፊት ሲወረወር ነው። ስፖንጅ እንደምትጨምቁ ቀስ እያላችሁ ካጠበቃችሁት፣ መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ሸሸት ካደረጋችሁና ክንዳችሁን በመሪው ላይ ካጸናችሁ ብስክሌቱ በእርጋታ ይቆማል። ይህንን ቁልቁለት ላይ አትሞክሩት። ሰው የሌለበት ሜዳ ፈልጉ፣ በ20 ንዱ፣ ያዙ፣ ቁሙ። ደግሞ በ25። የኋላው ጎማ መቅለል ሲጀምር ይታወቃችኋል፣ ያኔ ትንሽ መልቀቅ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። እመኑኝ፣ ያ ከሰዓት በኋላ ከሃያ ቁልቁለት ይበልጥ ያስተምራል።

እጅ የሚቀመጥበትም ቦታ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የኮርሳ መሪ ወደ ታች የታጠፈ እንደ በግ ቀንድ ያለ ክፍል አለው። ብዙ ጀማሪ እዚያ መያዝ የእሽቅድድም ሰው ሥራ ይመስለዋል። ጎንበስ ማለቱ ፍጥነት የሚጨምርበት ስለሚመስለውም ይፈራዋል። ነገር ግን ቁልቁለት ላይ እጅ መሆን ያለበት እዚያ ነው። ከታች ሆናችሁ የፍሬኑን እጀታ ስትስቡ የምትስቡት ከጫፉ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ በትንሽ ጉልበት ብዙ ይይዛል። ሰውነታችሁም ዝቅ ስለሚል ብስክሌቱ ይረጋል። ጉድጓድ ብትመቱ እንኳ እጃችሁ በቀንዱ ታቅፏልና አያመልጥም። እኔ በወደቅኩ ቀን ከላይ ይዤ ስለነበር ሦስተኛው ኩርባ ላይ ጣቶቼ ዝለው ነበር። ጉልበቱ ቢኖረኝም ቦታው አያስችልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው ብዙ ጊዜ አያውቀውም። እጃቸው ትንሽ የሆነ ሰዎች ከታች ሲይዙ ጣታቸው ፍሬኑ ላይ አይደርስም። በዚህ ምክንያት ብቻ ዓመታት ከላይ እየያዙ፣ እየፈሩ የሚወርዱ አሉ። አሁን ያሉት አብዛኞቹ የፍሬን እጀታዎች ግን ወደ መሪው የሚያስጠጋ ትንሽ ብሎን አላቸው። ብሎኑን ጥቂት ዙር ማዞር ነው። አንዲት ጓደኛችን ሦስት ዓመት ሙሉ «እኔ ፈሪ ነኝ» ስትል ኖራ ብሎኑ ሲስተካከልላት የወረደችውን አወራረድ ባያችሁ! ሴትየዋ ፈሪ አልነበረችም። ፍሬን አልነበራትም።

ፍሬኑን ቀደም ብለን ያዝን፣ ፍጥነቱ ወረደ እንበል። ኩርባው ሲጀምር ደግሞ መልቀቅ ያስፈልጋል። ለምን ብትሉ፣ የጎማው አቅም እንደ ወር ደመወዝ ነው። የተወሰነ ነው። ለፍሬን ያወጣችሁትን ለመታጠፍ አታገኙትም። እየታጠፈ ፍሬን የጨመደደ ሰው ከአቅሙ በላይ ያወጣል፣ ጎማው ይሸሻል። ትንሽ ፍጥነት መቀነስ የግድ ከሆነ በጣም በስሱ መንካት ይቻላል። ከቻላችሁ ግን ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ሥራውን ጨርሱ፣ ከዚያ ጣቶቻችሁን እጀታው ላይ አሳርፋችሁ ጎማው እንዲታጠፍ ተዉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል።

ከዚያ ዓይን። ዓይን ወደሄደበት ብስክሌት ይሄዳል፤ የእኔ ነጭ ድንጋይ ምስክር ነው። ጉድጓድ አያችሁ? አይታችሁ ተዉት፣ ዓይናችሁን ማለፍ ወደምትፈልጉበት ክፍት ቦታ ውሰዱ። ኩርባ ላይ ደግሞ ዓይን የፊት ጎማው ላይ ከሆነ መንገዱ የሚሮጥባችሁ ይመስላችኋል። ቀና በሉና መውጫውን ፈልጉ። የማይታይ ኩርባ ከሆነስ? የመንገዱ ግራና ቀኝ ጠርዝ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ነጥብ ላይ የሚገናኙ ይመስላሉ። ያን ነጥብ ተመልከቱ። ነጥቡ ወደ እናንተ እየቀረበ ከመጣ ኩርባው እየጠበበ ነው፣ ፍጥነታችሁ በዝቷል ማለት ነው። ነጥቡ እየሸሸ ከሄደ መንገዱ እየተከፈተ ነው። እኔ ይህን ከተማርኩ ወዲህ የማላውቀው መንገድ ላይ ስወርድ ልቤ እንደ ድሮው አይመታም። ኩርባው ራሱ ይነግረኛል።

እግር ላይ ብዙ አልቆይም። ከኩርባው ውጭ በኩል ያለው ፔዳል ከታች ይሁን፣ ክብደታችሁንም እሱ ላይ አሳርፉ፣ ኮርቻውን በትንሹ አቅልሉት። የውስጡ ፔዳል ከላይ ካልሆነ ብስክሌቱ ሲያዘነብል አስፋልቱን ሊነካ ይችላል፣ ያኔ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ለማዘንበል ደግሞ መሪውን መጠምዘዝ አያስፈልግም። ወደ ቀኝ መታጠፍ ስትፈልጉ ቀኝ እጃችሁን በቀስታ ወደፊት ገፋ አድርጉ። ሲሰሙት የተገለበጠ ይመስላል። ስትሞክሩት ግን ብስክሌቱ ራሱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። እንዲያውም ብስክሌት የሚነዳ ሁሉ ሳያውቀው የሚያደርገው ነው፣ ልዩነቱ አውቆ ማድረጉ ላይ ነው።

መስመር የሚባለውም ነገር አለ። ከውጭ ገብቶ፣ ወደ ውስጥ ጠግቶ፣ ወደ ውጭ መውጣት። በቴሌቪዥን የምታዩት ይህ ነው። ነገር ግን እነሱ የሚወርዱት በተዘጋ መንገድ ነው! እኛ የምንወርደው መኪና ከፊት በሚመጣበት ነው። ስለዚህ ይህ ጨዋታ በራሳችሁ መስመር ውስጥ ብቻ ይሁን። የመሀሉን ቀለም አልፎ ኩርባ የሚቆርጥ ሰው ስንት ዓመት ቢነዳም ለእኔ ጎበዝ አይደለም። መውጫው እስኪታይ ድረስ ውጭ በኩል ቆዩ፣ ከታየ በኋላ ወደ ውስጥ ጠጉ። ቀድሞ የሚቸኩል ሰው ኩርባው ሲጠብበት የሚሄድበት አያገኝም።

ስለ ፍሬን ሙቀት የሚነገረው በጣም ጥቂት ነው፣ በረዥም ቁልቁለት ላይ ግን ሊጎዳ የሚችለው እሱ ነው። ብስክሌተኛው ከነብስክሌቱ 80 ኪሎ ቢመዝንና 500 ሜትር ከፍታ ቢወርድ፣ በመውረዱ የሚለቀቀው ጉልበት 1 ሊትር ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ጉልበት የትም አይጠፋም። ወይ ነፋሱ ይወስደዋል፣ ወይ ፍሬኑ ይውጠዋል። ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ሳይለቅ እያሸ፣ ቀስ ብሎ የሚወርድ ሰው ጥንቃቄ ያደረገ ይመስለዋል። እንዲያውም ሙቀቱን ከሞላ ጎደል ሁሉ ፍሬኑ ላይ እየጫነ ነው። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ቸርኬው ይግላል፣ በከመነዳሪው ውስጥ ያለው አየር ይሞቃል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። የካርቦን ቸርኬ ደግሞ ከመጠን በላይ ሲግል ካርቦኑን ያያያዘው ሙጫ ይላላል፣ ቸርኬው ቅርጹን ያጣል። ዲስክ ፍሬን፣ ማለትም ቸርኬውን ሳይሆን መሀሉ ላይ ያለውን የብረት ሳህን የሚይዘው፣ ይሻላል፣ ከጎማው ርቆ ነው የሚግለው። እሱም ቢሆን አለቅጥ ሲሞቅ መያዙ ይቀንሳል። (ወርዳችሁ ስትቆሙ ዲስኩን በጣታችሁ አትንኩ። ክፉኛ ያቃጥላል።)

ታዲያ ምን ይሻላል? ቀጥ ያለው መንገድ ላይ፣ ከፊት የሚታይ ከሆነና አቅማችሁ በፈቀደው ልክ፣ ልቀቁት። ፍጥነቱ ሲበዛባችሁ ከመሪው ከፍ ብላችሁ ደረታችሁን ለነፋሱ ስጡት። ነፋስ ነፃ ፍሬን ነው፣ አይግልም፣ አያልቅም። ከዚያ ከኩርባው በፊት ጠንከር አድርጋችሁ ለአጭር ጊዜ ያዙ፣ ልቀቁ። ፍሬኑ በመሀሉ እየቀዘቀዘ ይቆያል። ሲያስፈራችሁ ወይም እጃችሁ ሲዝል ደግሞ ቁሙ! ቁልቁለት መሀል መቆም ክልክል ነው ያለው ማነው? ዳር ይዛችሁ፣ ከብስክሌቱ ወርዳችሁ፣ እጃችሁን አራግፋችሁ መቀጠል ትችላላችሁ። እኔ እስከ ዛሬ አደርገዋለሁ።

ከመውጣታችሁ በፊትም የፍሬኑን ሸራ ተመልከቱ፣ ጠጠር ተሰክቶበት ቸርኬውን እየጫረ ይሆናል። እጀታው ሲሳብ መሪውን የሚነካ ከሆነ ገመዱ ላልቷል። ጎማውን በጣታችሁ ዳብሱ፣ የተቀደደ ነገር ካለ ያን ቀን አትውረዱበት። የጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የአየር ልክ ደግሞ ጣሪያው ነው፣ የግድ እዚያ ድረስ ይነፋ አይልም። እንደ ድንጋይ የደረቀ ጎማ ሸካራ መንገድ ላይ ይዘላል፣ የዘለለ ጎማ ደግሞ መሬት አይዝም። ድሮ 23 ሚሊ ሜትር ጎማ ነበር የኮርሳ ሰው ኩራቱ። አሁን እሽቅድድም ላይ እንኳ 28 እና ከዚያ በላይ የተለመደ ሆኗል፣ ሰፊ ጎማ በዝቅተኛ አየር ስለሚነዳ።

መንገዱ ላይ ጠላቶቻችን የታወቁ ናቸው። ጠጠር ኩርባ ውስጥ ይከማቻል። ዝናብ ሲጀምር፣ በተለይ ከረዥም ድርቅ በኋላ፣ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ እንደ ሳሙና ይሆናል። እርጥብ የመንገድ ቀለምና የብረት ክዳን ላይ ፍሬን አይያዝም፣ አይታጠፍም፣ ቀጥ ብሎ ማለፍ ብቻ ነው። ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ያላችሁ ደግሞ በዝናብ ጊዜ መጀመሪያ ውሃውን መጥረግ ስላለበት ዘግይቶ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ከወትሮው በብዙ ቀደም ብላችሁ ነካ ነካ አድርጉት።

አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። በከፍተኛ ፍጥነት ላይ አንዳንዴ መሪው በድንገት ግራና ቀኝ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ብስክሌቱ ሁሉ ይርገፈገፋል። እኔ አንዴ ገጥሞኛል። ጉልበቴ ቄጤማ ሆነ። በደመነፍስ የሚመጣው መሪውን አንቆ መያዝ ነው፣ እሱ ግን ያባብሰዋል። እጃችሁን አላሉ። ሁለቱን ጉልበቶቻችሁን አግዳሚው (ከኮርቻው ወደ መሪው የሚሄደው የላይኛው ብረት) ላይ ጥብቅ አድርጋችሁ ግጠሙ። ከኮርቻው በትንሹ ተነሱ። ከዚያ በቀስታ ፍጥነት ቀንሱ። ጉልበት አግዳሚውን ሲይዝ መንቀጥቀጡ ይከስማል። ይህን ቀድሞ የሰማ ሰው ሲገጥመው ያስታውሰዋል፣ ያልሰማ ግን መሪውን አንቆ ይወድቃል። ብርድም ሊያመጣው ይችላል፣ የሚንቀጠቀጥ ሰው መሪውንም ያንቀጠቅጣል።

ብርድን ካነሳን፣ እናንተ ጋዜጠኞች ደስ የሚላችሁ አንድ ነገር አለ። በትልልቆቹ የተራራ ውድድሮች ላይ ጫፍ የደረሱ ብስክሌተኞች ቁልቁለቱን ከመጀመራቸው በፊት ዳር ከቆመ ሰው ጋዜጣ ተቀብለው ማሊያቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ ይከትቱ ነበር። ያላበ ደረታቸውን ነፋሱ እንዳይመታው ነው። አቀበት ላይ ልብሱ በላብ ይበሰብሳል፣ ከዚያ በ50 ኪሎ ሜትር ነፋስ ውስጥ መግባት ነው። ጣት ሲደነዝዝ ፍሬን የት እንዳለ አያውቅም። ዛሬ ቀላል የነፋስ ሰደርያ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ከሌለ ግን ጋዜጣ አሁንም ይሠራል። ሞክሬዋለሁ፣ የእናንተኑ።

ስለ ውድድር ካወራን ዘንድ፣ እባካችሁ ፎቶ ስትመርጡ አስቡበት። ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፎቶ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ፣ አገጩን መሪው ላይ አድርጎ የሚወርድ ሰው ነው። ብሪታኒያዊው ብስክሌተኛ ክሪስ ፍሩም እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ፔይረሱርድ የተባለውን ተራራ ቁልቁለት እንደዚያ ተቀምጦ፣ ፔዳል እየመታ ወርዶ ያን ቀን አሸንፏል። ዓለም አየው። ከዚያ በየመንገዱ ልጆች ሞከሩት። ክብደት ሁሉ ወደፊት ሄዶ፣ ብስክሌቱን ለመቆጣጠርም ሆነ በድንገት ለመቆም በማያመች አቀማመጥ! ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማህበር ዩሲአይ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2021 ጀምሮ በውድድር ላይ ከልክሎታል። ለባለሙያዎቹ የተከለከለውን ለጀማሪ እንደ ጀግንነት ማሳየት ልክ አይመስለኝም። ሄልሜትም ቢሆን በዚያ ዓለም በስንት ክርክር ነው የመጣው። ካዛክስታናዊው ብስክሌተኛ አንድሬ ኪቪሌቭ እ.ኤ.አ. በ2003 በፓሪስ–ኒስ ውድድር ላይ ወድቆ ከሞተ በኋላ ነው ዩሲአይ ግዴታ ያደረገው። ያለ ሄልሜት ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ሳይ አሁንም ሆዴ ይረበሻል።

የጎበዝ ፎቶ ከፈለጋችሁ ስሎቬኒያዊው ብስክሌተኛ ማቴይ ሞሆሪች አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሚላን–ሳን ሬሞ የሚባለውን የጣሊያን ውድድር ያሸነፈው ፖጆ በሚባለው ኮረብታ ቁልቁለት ላይ ተገንጥሎ ነው። ለዚያ ቁልቁለት ብሎ ኮርቻውን ዝቅ የሚያደርግ ዘንግ ብስክሌቱ ላይ አስገጥሞ መጥቷል። ሰው «ደፋር» አለው። እኔ ደግሞ የማየው ቤቱ ሆኖ ያን ቁልቁለት ሲያስብ የከረመ ሰው ነው።

አሁን ከሁሉ የሚከነክነኝን ልናገር። ቡድኖች ቁልቁለት ላይ ሰው አይጠብቁም። አቀበት ላይ የደከመን ሰው ይጠብቃሉ፣ ይገፋሉ፣ «አይዞህ» ይላሉ። ቁልቁለት ላይ የዘገየን ግን ከታች ሆነው ሰዓታቸውን እያዩ ነው የሚቀበሉት። አንዳንዱ ገና ሳይደርስ እነሱ ይነሳሉ። ያ ሰው በሚቀጥለው ምን ያደርጋል? ከአቅሙ በላይ ይለቃል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ኩርባ ውስጥ ይገባል። እኔን የጣለኝ ድፍረት ማጣት ሳይሆን ተጥሎ መቅረትን መፍራት ነበር። ስለዚህ ቡድን የምትመሩ ሁሉ፣ ከመጀመራችሁ በፊት «ከታች እንጠብቃለን፣ ሁሉም ሰው እስኪደርስ አንነሳም» በሉ። ስታወሩት ትንሽ ነገር ይመስላል። ለፈራው ሰው ግን ግማሽ ሸክሙን ነው የምታወርዱለት። አንድ ሰው ደግሞ ከኋላ ይሁን፣ ጎበዝ የሆነ፣ የማይቸኩል። ከፊት ካለው ሰው ጋር ያለው ርቀትም ሜዳ ላይ እንደለመዳችሁት አይሁን። በብዙ ብስክሌት ርዝመት ራቁ፣ ጎማ ከጎማ አታደራርቡ።

ባለፈው ሳምንት ቡድናችን ውስጥ አዲስ የገባች ልጅ ይዤ ወጥቼ ነበር። መኪና የማይበዛበት፣ ከላይ እስከ ታች የሚታይ አንድ ኩርባ መረጥን። ያንኑ አንድ ኩርባ አሥራ አንድ ጊዜ ወረድነው። መጀመሪያ እጅን ከታች መያዝ ብቻ። ቀጥሎ ከቀጥታው መንገድ ላይ ፍሬን መያዝና ከኩርባው በፊት መልቀቅ። ቀጥሎ ዓይን። እያንዳንዱን ለብቻው፣ አንዱ ሳይደላደል ሌላው አይጨመርም። እስከ ሰባተኛው ድረስ ኩርባው መሀል የፍሬኗ ሲጥጥታ ይሰማኝ ነበር፣ ትለቃለች፣ መልሳ ትይዛለች። ስምንተኛው ላይ ከኋላዋ እየወረድኩ ጆሮዬን ሰጠሁ። ከኩርባው በፊት ጠንከር ያለ ሲጥጥታ፣ ከዚያ ጸጥ። የጎማ ድምፅ ብቻ። ታጥፋ ወጣች።

ከታች ስደርስ አንድ እግሯን መሬት አድርጋ ቆማለች። ፊቷ ቀልቷል።

«ፍጥነቴ ጨመረ እንዴ?» አለችኝ።

የሰዓቴን ቁጥር አሳየኋት። ከበፊቱ በ2 ኪሎ ሜትር ቀንሶ ነበር።

«ታዲያ ለምንድነው ያልፈራሁት?» አለችና ብስክሌቷን አዙራ ወደ ላይ መውጣት ጀመረች።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ